ያኮረፈው ምንጭ

በጡረታ ሽኝቴ ዕለት ኮሌጁ የሰጠኝ ስጦታ በመስተዋት ፍሬም የገባ ፎቶግራፍ ነበር። ዲኑ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ከዋናው ኮሪደር ግድግዳ ላይ አስነቅሎ፣ አቧራውን አስወልውሎ፣ በቀይ ጥብጣብ አስሮ በሁለት እጁ አስረከበኝ። በፎቶግራፉ ላይ አዲስ የተገነባ የውሃ ማጠራቀሚያ ይታያል። ከቧንቧው ውሃ ይፈሳል፤ አንዲት ሴት ጎንበስ ብለው እንስራቸውን ደቅነዋል፤ ከጎናቸው ነጭ ሸሚዝ የለበስኩ፣ ጠጉሬ ገና ያልሸሸ፣ እኔ ቆሜያለሁ። ከሥሩ «የወይራ አፋፍ ምንጭ፣ ላስታ፤ የተቋማችን የመስክ ፍሬ» ተብሎ ተጽፏል። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም እጅ ነሣሁ። ፎቶግራፉ ከተነሣ አራት ወር ሳይሞላ ያ ቧንቧ ጠብታ እንዳልነበረው ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

ቤት ወስጄ ከአልጋ ሥር ከተትኩት። ባለቤቴ «ምነው አይሰቀልም?» ብትለኝ «ምስማር የለም» አልኳት። ምስማርማ በቤቱ ሞልቷል። እንዲህ ያለች ትንሽ ውሸት አሁንም ከአፌ እንደምትቀድመኝ ሳይ ራሴን ታዘብኩት፤ ይህን መጻፍ የጀመርኩትም በዚያው ሳምንት ነው። ስለ ሥራ ዘመኔ ጻፍ የሚሉኝ ሰዎች የሚጠብቁት ስንት ተማሪ እንዳስመረቅሁና የትኞቹ ትልቅ ሰው እንደሆኑ እንድነግራቸው ነው። እሱን መዝገብ ቤቱ ይንገራቸው።

ዛሬ ኮሌጅ የሚባለው ያን ጊዜ የተግባር ትምህርት ኢንስቲትዩት ነበር፤ እኛ በአጭሩ «ተቋሙ» እንለዋለን። የቆመው በክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ግቢ ውስጥ ነው። በሁለት ዓመት ዲፕሎማ የሚያስመርቅ ሲሆን እኔ የተቀጠርኩት በገጠር ውሃ ክፍል ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁት አብዮቱ ገና ትኩስ ሳለ ነው፤ ደመወዜ ለኪራይና ለመጻሕፍት ይበቃኝ ነበር። ተማሪዎቻችን የሁለተኛውን ዓመት ግማሽ የሚያሳልፉት በመስክ ስለሆነ፣ መንገዱ ከጋሸና ወደ ላሊበላ ከሚታጠፍበት አለፍ ብሎ ሁለት የቆርቆሮ ቤት ያለው ጣቢያ ነበረን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሌሎቹ መምህራን ወደዚያ ሲመደቡ ፊታቸው ይጠቁራል፤ እኔ ግን እወደው ነበር፤ ምክንያቱም ጋሽ ሰይድ እዚያ ነበሩ።

ጋሽ ሰይድ የባቲ ሰው ናቸው። ግንበኛ ነበሩ፤ ትምህርታቸው ቁርኣን ከመቅራት አላለፈም። በመዝገብ «የወርክሾፕ ረዳት» ተብለው የተጻፉ ሲሆን በወረቀት አለቃቸው እኔ ነበርኩ። ወዲያው ማን የማን አለቃ እንደሆነ ግን ሥራው ራሱ ነገረኝ። መጀመሪያ አብረን የወጣነው በፍላቂት አካባቢ አንድ ምንጭ ለማጎልበት ነበር። ተማሪዎቹ ዲጅኖና አካፋ ይዘው ተሰልፈዋል፤ እኔ ካርታ ዘርግቻለሁ። እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ምንጩ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ተቀመጡና ቀሩ።

«ጋሽ ሰይድ፣ እንጀምር እንጂ» አልኳቸው።

«ጀምሬያለሁ፤ አንተም ጀምር፤ ቁጭ በል» አሉኝ።

እስከ እኩለ ቀን ተቀመጥን። ውሃ ቀጂ ሴት በመጣች ቁጥር ሰላምታ ይሰጧትና ጥያቄ ይጠይቋታል። ወንዶቹን አይጠይቁም። «ወንድ የውሃውን ስም ያውቃል፤ ሴት ግን ዐመሉን ታውቃለች» ይሉ ነበር። ሚያዝያ ላይ ወረፋው የት ድረስ እንደሚሰለፍ፣ ዝናብ በዘነበ በስንተኛው ቀን እንደሚደፈርስ፣ እንስራ ሲሞላ ስንት ዘፈን እንደሚዘፈን ይጠይቃሉ። ሴቶቹ በሳቅ ይመልሳሉ፤ እሳቸው በልባቸው ይይዛሉ። ከዚያ አንድ እፍኝ ገለባ ውሃው ላይ በትነው ወዴት እንደሚሄድ ተመለከቱ። ገለባው ትልቅ ነው ካልነው የምንጭ ዐይን አጠገብ ቆሞ ሲሽከረከር፣ እኛ ያላየናት ከድንጋይ ሥር ያለች ቀጭን ዐይን ግን እየገፋች ወሰደችው። ዋናዋ እሷ ነበረች። እኔ በካርታዬ ላይ የተሳሳተውን ቦታ አክብቤ ነበር።

የምንጭ ዐይን በዲጅኖ እንዲነካ አይፈቅዱም፤ በእጅ ነው የሚጸዳው፤ ጥፍራቸው ሁልጊዜ የተሰባበረ ነው። ሲገነቡ ደግሞ መጀመሪያ በሲሚንቶ አይገነቡም። በድንጋይና በጭቃ ግድግዳውን ያቆሙና ቧንቧውን ከዐይኑ ዝቅ አድርገው ያስገባሉ፤ ከዚያ ለአንድ ሳምንት ይተዉታል። ተማሪዎቹ «የጭቃ ሳምንት» ይሉት ነበር። በዚያ ሳምንት ምንም አይሠራም፤ ጠዋትና ማታ አንድ ባልዲ እስኪሞላ መቁጠር ብቻ ነው። ቁጥሩ ካልተለወጠ ጭቃው ፈርሶ በሲሚንቶ ይተካል። ባልዲው መሙላቱ ከዘገየ ግን ግድግዳው ፈርሶ ዝቅ ተደርጎ እንደገና ይሠራል፤ ጭቃ ነውና የሚከፋው የለም። ለተቋሙ ይህ ሳምንት ራስ ምታት ነበር፤ በሥራ ዕቅዱ ላይ «ጭቃ ማየት» የሚባል ተግባር የለም። እኔም «የቁጥጥር ምርመራ» ብዬ እየጻፍኩ አሳልፌላቸዋለሁ። ፍላቂት ላይ በሠራነው ምንጭ ውሃው ከቧንቧ ሲወጣ ጋሽ ሰይድ እጃቸውን በልብሳቸው ጠርገው «አልሐምዱሊላህ፣ አላስቀየምነውም» አሉ። ማንን እንዳላስቀየሙ ለመጠየቅ አልቆምኩም፤ የሽማግሌ አባባል አድርጌ ወሰድኩት።

ሦስት ዓመት አብረን ሠራን። በእነዚያ ዓመታት ያበላሸነው ምንጭ የለም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳስበው፣ ሦስት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ የተማርኩት እጃቸውን እንጂ ጆሯቸውን አልነበረም።

ወይራ አፋፍ ከጣቢያችን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ገደል ጫፍ ላይ ያለች መንደር ስትሆን፣ ምንጯ አንድ ብቻ ናት፤ በጋ ክረምት አትነጥፍም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቧንቧ እንዲገባላቸው ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ጽፈው ነበር። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዳይሬክተራችን በላንድሮቨር ጣቢያው ድረስ መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለተማሪዎች ብርድ ልብስ ያስመጡት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ከበላይ በስልክ በተጠሩ ቁጥር ሸሚዛቸው በላብ ይርስ ነበር።

«ጓድ ይመር፣ ወይራ አፋፍ ለአብዮት በዓል መመረቅ አለበት» አሉኝ። «ፎቶግራፍ አንሺ ይዤ እመጣለሁ። እስከ መስከረም ሁለት።»

ጋሽ ሰይድ እናታቸው ሞተውባቸው ባቲ ወርደዋል፤ የሚመለሱት ከበዓሉ በኋላ ነው። ይህንን ተናገርኩ። ዳይሬክተሩ ግራ ተጋብተው አዩኝና «ባለ ዲግሪው አንተ ነህ ወይስ ሰይድ?» አሉ። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሦስት ዓመት ስጠብቅ የኖርኩ መሰለኝ።

ከምንጩ በታች ያለው መሬት ለጥ ያለ ጭንጫ ነው። ጋሽ ሰይድ ቢሆኑ ኖሮ ቧንቧውን ከዐይኑ ዝቅ አድርገው፣ ጭንጫውን በመሮ እየፈለጡ እስከ ተዳፋቱ ድረስ ይወስዱት ነበር። እንስራ ከሥሩ የሚገባው እዚያ ነው። ይህ ከወር በላይ ይፈጃል። እኔ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ መላ አገኘሁ፤ ምንጩ ላይ እስከ ደረት የሚደርስ ግድግዳ አቁሜ፣ ውሃው እንዲሞላና እንዲነሣ አድርጌ፣ ቧንቧውን ከላይ ማውጣት። በወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። ለፎቶግራፍም ያምራል።

ሁለተኛው ረድፍ ድንጋይ ሲያልቅ አንዲት ሴት መጡ። እትየ ዝማም ይባላሉ፤ ያን ጊዜ አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ቤታቸው ለምንጩ የቀረበ ስለነበር ለተማሪዎቹ ቆሎ ያመጡ ነበር። እንስራቸውን አወረዱና ግድግዳውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንቱ መምህር፣ ይህን ያህል ከፍ ባታደርጉት። ያኮርፋል።»

«ማን ነው የሚያኮርፈው?»

«ውሃው ነዋ! አፉን ከዘጉበት፣ ካስጨነቁት ያኮርፋል። ትቶን ይሄዳል። በእናቴ ዘመን አንድ ባላባት ለከብቱ ብሎ በድንጋይ ቢከትረው አኩርፎ ጠፍቶ፣ ሁለት በጋ አስጠምቶን፣ ድንጋዩ ተነሥቶለት፣ ታቦት ወጥቶ፣ ተለምኖ ነው የተመለሰው።»

ወደ ተማሪዎቼ ዞርኩ። «ተመልከቱ፤ በክፍል ውስጥ ኋላቀር አስተሳሰብ ያልነው ይህ ነው» አልኳቸው። «ውሃ ስሜት የለውም። የሚያውቀው የመሬት ስበትን ብቻ ነው።» ተማሪዎቹ ሳቁ። እትየ ዝማም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ቆሙና ሳይቀዱ እንስራቸውን አንሥተው ሄዱ።

ታቦት የሚለውን ቃል እንደሰማሁ ጆሮዬ ተዘጋ። ከታቦቱ በፊት ያለውን ድንጋይ አልሰማሁም። ሴትየዋ የነገሩኝ አንድ መሐንዲስ በሦስት ገጽ የሚያስረዳውን ነገር ነበር፤ ምንጭ ከዐይኑ በላይ ውሃ ከተጫነበት ወደ ኋላ ይገፋና በመሬት ውስጥ ሌላ ቀዳዳ ፈልጎ ይወጣል። ሌላ መንገድ ከለመደ ደግሞ መመለሱ ጭንቅ ነው። ይህን እኔም በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። መጽሐፉ ግን «ያኮርፋል» አላለም።

የጭቃ ሳምንትም አላደረግሁም። በቀጥታ በሲሚንቶ ገነባሁ። መስከረም ሁለት ባንዲራው ተሰቀለ፤ ዳይሬክተሩ ውሃና ሰፊው ሕዝብ ስለሚባል ነገር ረዥም ንግግር አደረጉ፤ ቧንቧው ተከፈተ። ሴት ያስፈልጋል ተብሎ እትየ ዝማም ተጠሩ። ፎቶግራፍ አንሺው የመጀመሪያው አልያዘልኝም ስላለ እንስራውን ደፍተው ሁለተኛ ጊዜ ደቀኑ። ክረምት ነዋ፤ መሬቱ ሁሉ ውሃ ጠጥቶ ስለነበር ምንጩ ማምለጫ አልነበረውም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል፤ እኔንም እንዲሁ አሳሳቀኝ።

ታኅሣሥ ላይ የሊቀ መንበሩ ደብዳቤ ደረሰን። «ውሃው ቀርቷል» ይላል፤ ሌላ ቃል የለበትም።

ከጋሽ ሰይድ ጋር ሄድን። መንገዱን ሁሉ ስለ እናታቸው ሲያወሩኝ ነበር፤ ስለ ምንጩ አልጠየቁኝም። ስንደርስ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። ማጠራቀሚያው ባዶ ነው። ጋሽ ሰይድ መዳፋቸውን በግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ ቁመቱን በዐይናቸው ለኩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

«የጭቃ ሳምንት አደረጋችሁለት?»

«ጊዜ አልነበረም።»

«ሴቶቹስ? ጠየቅሃቸው? ምን አሉ?»

እትየ ዝማም ከሁለት እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ቆመዋል። ዐይን ለዐይን ተያየን። «ምንም አላሉም» አልኩ።

ሴትየዋ ተናግረው ሊያዋርዱኝ ይችሉ ነበር፤ ግን ዝም አሉ። ወደ መሬት አዩና እግራቸው ሥር ያለውን ጠጠር በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ከሁሉ የማፍረው ግን በዚያች ቅጽበት ነው። ምንጩን ያደረቅሁት በትዕቢትና በችኮላ ነበር፤ ይህን የተናገርኩት ግን እያወቅሁ ነው።

ግድግዳውን በመዶሻ አፈረስነው፤ ከአንድ ጎኑ በቀር። ዐይኑ ደርቋል። ጋሽ ሰይድ ቀኑን ሙሉ ገደሉን ሲወርዱ ሲወጡ ዋሉና ውሃውን ከታች፣ ከገደሉ ግርጌ፣ ከአለት ስንጥቅ ሲወጣ አገኙት። ወደዚያ ለመውረድና እንስራ ተሸክሞ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ነገሯቸው። «ውሃው አልሞተም፤ ቤት ለውጧል። በጋው ሲበረታ፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ ከዐይኑ በላይ በእጅ እየጫርን የቀድሞ መንገዱን እንፈልገዋለን። ሁለት ሳምንት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ኢንሻአላህ እናገኘዋለን። ከቆየ ግን አዲሱን መንገድ ያሰፋና አይመለስም።» ከዚያ ወደ እኔ አመለከቱ። «ቀኑን እሱ ይንገራችሁ። ሥራው የእሱ ነው።»

ተነሣሁ። «ከፋሲካ በፊት እመለሳለሁ» አልኩ። አንድ ሽማግሌ «የመንግሥት ሰው ቃል ነው ወይስ የእናት ልጅ ቃል?» አሉኝ። «እናቴ ትሙት፣ እመለሳለሁ» አልኳቸው። ከልቤ ነበር። ያን ዕለት ማንም ቢጠይቀኝ ከልቤ ነበር የምለው።

የካቲት ላይ ዳይሬክተሩ ቢሯቸው ጠሩኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ቡልጋሪያ የሚላክ አንድ ሰው ከተቋሙ እንዲታጭ ታዟል። የታጨሁት እኔ ነበርኩ፤ ያሳጨኝም ወይራ አፋፍ ነው። በጠረጴዛው ላይ የዓመቱ የሥራ ሪፖርት ተዘርግቷል።

«ምንጩ ደርቋል እኮ፤ በቃል ነግሬዎት ነበር» አልኳቸው።

«ነግረኸኛል፤ አልሸሽግም» አሉ። «ለበላይ አካል ግን ያለቀ ሥራ ነው ብለን ፎቶግራፉን ልከናል። አሁን ደርቋል ብትል ማን አደረቀው ሊባል ነው? ሂድ፣ ተማር፣ ስትመለስ መቶ ምንጭ ታወጣለህ። ምርጫው ያንተ ነው፤ እኔ አላስገድድህም።»

እውነታቸውን ነው፤ አላስገደዱኝም። ሁለት ቀን ሪፖርቱን ይዤ ቆየሁ፤ እንቅልፍ አልነበረኝም። በሦስተኛው ቀን ከወይራ አፋፍ ስም ፊት «አገልግሎት እየሰጠ ይገኛል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ፋሲካ መጣ፤ «የጉዞ ወረቀት እያስጨረስኩ ነው» ብዬ አልሄድኩም። መንገዱ ክፍት ነበር። ላንድሮቨሩም ቆሞ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ጠብቀው ጠብቀው ራሳቸው መኪናና ፈቃድ ጠየቁ። ከመዝገብ ቤት የተሰጣቸው መልስ «ምንጩ አገልግሎት እየሰጠ ስለሆነ ጥገና አያስፈልገውም» የሚል ነበር፤ ከተያያዘው ሪፖርት ሥር የእኔ ፊርማ አለ። ደብዳቤውን ለማንበብ ሰው ይፈልጉ ስለነበር፣ አንድ ተማሪ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ያ ተማሪ በኋላ እንደነገረኝ፣ ሁለት ጊዜ ነው ያስነበቡት።

ወደ አዲስ አበባ የምሄድ ዕለት አውቶቡስ ተራ መጡ። ጋሽ ሰይድ ለሰው ሁሉ «አብሽር» ባይ ነበሩ፤ ልጁ የታመመበትንም፣ ፈተና የወደቀውንም፣ የተባረረውንም «አብሽር፣ ያልፋል» ይሉ ነበር። ሻንጣዬን ለረዳቱ አቀብለው አጠገቤ ቆሙ።

«ሳትሄድ ወይራ አፋፍ ትደርሳለህ ብዬ ነበር» አሉኝ።

«ስመለስ ጋሽ ሰይድ፤ ስመለስ የመጀመሪያው ሥራዬ እሱ ነው።»

ረዥም ጊዜ አዩኝ። «ስላንተ ብዙ አስባለሁ፣ ይመር። ልጄ ነህ። ግን ዛሬ አብሽር አልልህም» አሉ። ጨብጠውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። እኔ በሌለሁበት ጡረታ ወጡና ባቲ ገቡ፤ ሳልመለስ ሞቱ።

የሰባ ሰባቱ ረሃብ የደረሰብኝ ሶፍያ ላይ ነው። በተማሪዎች ማደሪያ ሳሎን ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ነበር፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጣን ተማሪዎች ዙሪያውን እንቀመጣለን። የአገሬን ሰው በዚያ መስኮት ውስጥ አየሁት። ሌሎቹ ኢትዮጵያውያን አለቀሱ፤ እኔ ግን ወደ መስኮቱ ተጠግቼ ፊት እፈልግ ነበር። የወይራ አፋፍን ሰው ባየው ምን ላደርግ እንደነበር አላውቅም። ድርቁን እኔ አላመጣሁትም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን በጋ ክረምት የማትነጥፍ ምንጭ የነበረችው መንደር ያን ዓመት ያለ ምንጭ የገባችበት በእኔ ምክንያት ነው። ይህንንም አውቃለሁ።

ስመለስ የላስታ መንገድ በጦርነት ተዘግቶ ነበር። የመስክ ጣቢያውም ተዘግቷል። ሰው ሲጠይቀኝ «መንገድ ባይዘጋ ወደ አንድ ቦታ መሄድ ነበረብኝ» እያልኩ አዝን ነበር። እውነቱን ልናገር ከተቀመጥኩ፣ መንገዱ መዘጋቱን ስሰማ ደስ ነው ያለኝ። ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈትም ሌላ ምክንያት አገኘሁ፤ የክፍል ኃላፊነት፣ ልጆች፣ ስብሰባ። ምክንያት ለፈለገ ሰው አይጠፋም።

ለተማሪዎቼ ግን አስተማርኳቸው፤ በዚህ በኩል አልሰስትም። በየዓመቱ የጭቃ ሳምንት አስደርጌያለሁ። በየዓመቱም ለፈተና አንድ ጥያቄ አወጣ ነበር፤ «አንድ ባለሙያ በክረምት ወራት ከምንጩ ዐይን በላይ ከፍ ያለ ግድግዳ ገነባ። በበጋ ምን ይሆናል?» የመንደሩንና የባለሙያውን ስም አልጽፍም። ተማሪዎቹ ቀላል ጥያቄ ስለሆነ ይወዱታል። አንዱ በመልስ ወረቀቱ ላይ «ባለሙያው ከሥራ መባረር አለበት» ብሎ ጨመረበት። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። ፎቶግራፉ በኮሪደሩ ተሰቅሎ እያየነው እናልፍ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በሁለተኛው ወር፣ ለባለቤቴ «ለነአኩቶ ለአብ ስለት አለብኝ» ብዬ በሚኒባስ ጋሸና ደረስኩ፤ ከዚያ በእግሬ። መንገዱ ረዘመብኝ። ወይራ አፋፍ ስደርስ ከቤቶቹ የሚበዙት ፍርስራሽ ናቸው። ያላፈረስነው የግድግዳ ጎን እንደቆመ ነው፤ ገለባ ከምረውበታል። አንድ ገበሬ እትየ ዝማም በሕይወት እንዳሉ ነገረኝና ቤታቸውን አሳየኝ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። አርጅተዋል፤ ዐይናቸው ግን ደህና ነው። አጠገባቸው ከገደሉ ሥር የመጣ ውሃ የያዘ ጀሪካን አለ፤ ክዳኑ በፌስታል ታስሯል።

ሰላምታ ሰጥቼ ስሜን ነገርኳቸው። ምስሩን ከጉያቸው አወረዱ።

«ይመር? መምህር ይመር? አንተ አልሞትክም እንዴ?»

«አልሞትኩም፣ እትየ።»

«እኛማ ሞቷል ብለን!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ፋሲካን ጠበቅን። እስከ ሰኔ ሚካኤል ጠበቅን። በዓመቱም ጎበዞቹ መንገድ ዳር እየወጡ ያዩ ነበር። የእናቱን ስም ጠርቶ የማለ ሰው በሕይወት ካለ አይቀርም፣ አንድ ነገር ቢያገኘው ነው ተባለ። ያን ጊዜ ሰው እንዲሁ እንደወጣ ይቀር አልነበር? ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። ውሃ የሌለው ሰፈር ተብለን ለሰፈራ ቀድመን ተጻፍን። ልጄ ከነሚስቱ ሄደ፤ የሄደበትን አገር እንኳ አላውቀውም።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሪፖርቱን፣ ፊርማዬን፣ ቡልጋሪያን፣ መንገዱ ክፍት ሳለ መቅረቴን። በጋሽ ሰይድ ፊት «ምንም አላሉም» ያልኩትንም አነሣሁ።

«እሱንማ ሰምቻለሁ፤ ቆሜ የለም?» አሉ። «ልጅ ነው፣ አፍሮ ነው፣ ተመልሶ ያቃናዋል ብዬ ዝም አልኩልህ።»

«ይቅር በሉኝ ልል ነው የመጣሁት።»

እትየ ዝማም ከሰፌዱ ላይ አንዲት ጠጠር አንሥተው ወደ ውጭ ወረወሩ።

«ይቅርታውማ ድሮ ተብሏል» አሉ። «ለሁዳዴ መያዣ ይቅር ስንባባል፣ ሙት ወቃሽ እንዳንሆን፣ ሽማግሌዎቹ ስምህን ጠሩና ሁላችንም ይቅር አልንህ። እኔም ብያለሁ፤ አልቅሼ ነው ያልኩት።» ቀና ብለው አዩኝ። «ግን እሱ ለሞተው ነበር፣ ልጄ። ለቆመው ገና አልተመካከርንም።»